ዶክተሩ «ግማሽ ክብደት» ሲል ስንት ማለቱ ነው?

እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር አትጠፋም፦ «ለስድስት ሳምንት ግማሽ ክብደት ያሳርፍ»። ታካሚው ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ይከታታል፣ ክራንቹን ይይዛል፣ ደረጃውን ይወርዳል። ከዚያ በኋላ «ግማሽ» የሚባለው ነገር የግምት ጉዳይ ነው። ፈሪው እግሩን መሬት አያስነካም፤ ደፋሩ በሁለተኛው ሳምንት ክራንቹን ግድግዳ ያስደግፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለቱም ትእዛዙን የጠበቁ ይመስላቸዋል።

ግማሽ ግን የሚለካ ነገር ነው። የሚያስፈልገው አንድ የሰውነት ሚዛንና ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ ብቻ ነው። ጤነኛው እግር ጣውላው ላይ፣ የታመመው ሚዛኑ ላይ ይሁን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀስቱ 35 ላይ እስኪደርስ ቀስ እያለ ይጫን፣ አሥር ይቁጠር፣ ይልቀቅ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይድገመውና ሲገልጥ ስንት ላይ እንዳለ ይይ። ከ5 ኪሎ በላይ ከሳተ እግሩ ገና ልኩን አላወቀም። ቀስት ያለው የድሮው ሚዛን ለዚህ ሥራ ከዲጂታሉ ይሻላል፤ ብዙው ዲጂታል ሚዛን ቁጥሩን አንዴ ካነበበ በኋላ ቆልፎ ስለሚይዘው፣ ብትጨምሩም ብትቀንሱም ያው ነው።

ችግሩ ይህ ቆሞ ለመለማመድ ነው። ሰው መራመድ ሲጀምር ሚዛኑን ይዞት አይሄድም። ውኃ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሐሪሰንና በልስትሮድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው በተለያየ የውኃ ጥልቀት ሲቆም እግሩ ላይ ስንት ክብደት እንደሚያርፍ ለክተው ነበር። ውኃው ማጅራት ላይ ጎላ ብላ እስከምትዳሰሰው አጥንት ሲደርስ ወንድ ከክብደቱ 10 በመቶ፣ ሴት 8 በመቶ ያህል ብቻ ይሸከማሉ። እስከ ደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ ሲሆን 35 እና 28 በመቶ ነው። ቀበቶ በሚታሰርበት አካባቢ፣ ከፊት ለፊት በሁለቱም በኩል የምትዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ 54 እና 47 በመቶ። የሴቷ የሚያንሰው የሰውነቷ ስብ ስለሚበዛና ስብ ስለሚንሳፈፍ ነው።

ስለዚህ «ግማሽ» የተባለ ሰው ዳሌው ድረስ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ አለቀ ያሰኛል። በብዛት የሚሠራው ስሕተትም ይኸው ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ናቸው። ያው ቡድን በኋላ በእርምጃ ሲለካው፣ ዳሌ ድረስ ባለው ውኃ ውስጥ በዝግታ የሚራመድ ሰው ከክብደቱ ከ50 እስከ 75 በመቶ ያሳርፋል፤ ደረት ድረስ ባለው ከ25 እስከ 50፤ አንገት ድረስ ባለው እስከ 25። ፈጠን ካለ ይጨምራል። 35 ኪሎ የተፈቀደለት የ70 ኪሎ ሰው ዳሌ ድረስ ገብቶ ቢራመድ 52 ኪሎ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ዳሌ ድረስ ባለው ውኃ መቆም ይችላል፤ መራመጃው ግን ደረት ድረስ ያለው ነው።

ሌላው፣ ጥልቀት የሚለካው በሰውየው ቁመት እንጂ ገንዳው ግድግዳ ላይ በተጻፈው አይደለም። 1 ሜትር ከ20 የተጻፈበት ቦታ 1 ሜትር ከ60 ለሆነች ሴት ደረቷ ጋ ይደርሳል። 1 ሜትር ከ80 ለሆነ ወንድ ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። አንድ ላይ የገቡ ሁለት ታካሚዎች ጎን ለጎን ሲራመዱ አንድ ዓይነት ሕክምና የሚያገኙ ይመስላል፤ የሚወስዱት መጠን ግን ለየቅል ነው። ከመግባታቸው በፊት ግድግዳ አስጠግቶ ማቆም፣ የደረታቸውን ጫፍና የዳሌያቸውን ከፍታ በሜትር ለክቶ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ነገሩን በሌላ መልኩ ለማየት፦ የማርስ ስበት የመሬት 38 በመቶ ነው፤ የጨረቃ 17 በመቶ። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው፣ እግሩ ከሚሸከመው ክብደት አንጻር፣ ማርስ ላይ ለመቆም ጥቂት ቀርቶታል። ወደ አንገቱ ጠልቆ ሲገባ ከጨረቃም ያነሰ ይሸከማል።

ጠፈርን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ክብደት ከሰው ላይ ሲነሣ ሰውነት ምን እንደሚሆን በደንብ የተጠናው ለጠፈርተኞች ሲባል ነው፤ የተገኘው ነገር ደግሞ ለአልጋ ቁራኛ ሁሉ የሚሆን ነው። ሕዋ ላይ የከረመ ሰው የዳሌ አጥንቱ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል። ይህ ካረጠች በኋላ ሴት በዓመት የምታጣው ያህል ነው። ከአጥንት የወጣው ካልሲየም በሽንት ስለሚወገድ የኩላሊት ጠጠር ያሰጋል። ጡንቻም የሚከሳው በዘፈቀደ አይደለም፤ ቀድመው የሚደክሙት ሰውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ናቸው፦ ባት፣ የጭን ፊት ለፊት፣ ጀርባ። ክንድ ብዙም አይጎዳም። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ ሰው እጁን እንደ ልቡ እያወዛወዘ ለመቆም ሲሞክር ጉልበቱ የሚከዳው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በቀን ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ለስፖርት ይመደባል። መጀመሪያ ላይ የነበረው መሣሪያ ጉልበቱ ትንሽ ነበርና ሰዎቹ እየሠሩም አጥንታቸው መሳሳቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ270 ኪሎ በላይ ክብደትን የሚተካ፣ ውስጣቸው አየር በሌለባቸው ሲሊንደሮች የሚሠራ መሣሪያ ከተላከ በኋላ ነው፣ በቂ ምግብና ቫይታሚን ዲ ሲታከልበት፣ የአጥንት ክምችታቸውን ይዘው መመለስ የቻሉት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀላል እንቅስቃሴ ምንም ያህል ሰዓት ቢሠራ አጥንትን አይይዝም፤ አጥንት የሚሰማው ከባድ ነገር ነው። ውኃ ደግሞ ሥራው ማቅለል ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ብቻ ለሦስት ወር የተራመደ ታካሚ ሕመሙ ቀንሶ፣ መገጣጠሚያው ተፍታቶ፣ አጥንቱ ግን እንደ ሳሳ ሊቀር ይችላል። ክብደት ማንሣቱ ቀላሉ ነው፤ ዋናው ሙያ መመለሱ ላይ ነው።

መሬት ላይ ሆኖ ጠፈርን ለማጥናት የሚደረገው ደግሞ ጤነኛ ሰው አልጋ ላይ ማስተኛት ነው። አልጋው በራስጌ በኩል 6 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ደም ወደ ራስ እንዲሄድ። ሰውየው ለሳምንታት ይበላበታል፣ ይታጠብበታል፣ ይተኛበታል። ከሁሉም የሚገርመው ግን የድሮው የዳላስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዕድሜያቸው 20 የሆኑ አምስት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ተኙ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከአንድ አራተኛ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ለኳቸው። የሠላሳ ዓመት እርጅና ካደረሰባቸው የሦስት ሳምንቱ አልጋ ያደረሰባቸው በልጦ ተገኘ።

እኛ ዘንድ ግን «ይተኛ፣ ይረፍ፣ አትነካኩት» የፍቅር ምልክት ነው። አስታማሚ በሽተኛውን ካስነሣው ጨካኝ የሆነ ይመስለዋል። ሐኪም እንዳይነሣ ያዘዘለት ካልሆነ በቀር ከሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ምግቡን ተቀምጦ ይብላ፤ ትራስ ላይ ተንጋሎ ሳይሆን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሩ መሬት ወይም ዱካ ላይ ሙሉ ለሙሉ አርፎ። ሦስት ጊዜ መብላት ሦስት ጊዜ መቀመጥ ነው። ውኃ በደንብ ይጠጣ፤ የጠጠሩ ነገር ለእሱም ይሠራል። ወጌሻ መጥቶ ባቱን ሊያሽለት ካለ ግን ይቆይ፦ ተኝቶ የከረመ ሰው አንድ ባቱ ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ካመመው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ታሽቶ ከተነቀለ ሳንባ ነው የሚሄደው።

እግሩ መሬት ላይ ይረፍ ያልኩትም በምክንያት ነው። ሞስኮ በሚገኘው የባዮሜዲካል ችግሮች ተቋም ኢኔሳ ኮዝሎቭስካያ ትመራው የነበረው ቡድን ለዓመታት ያጠናው ነገር ቢኖር የውስጥ እግር ነው። ሰውን ውኃ በማያስገባ ሰፊ ሸራ ጠቅልለው ለብ ያለ ውኃ ላይ ያንሳፍፉታል። አይረጥብም፣ ግን የትም አልተደገፈም። ውስጥ እግሩ የሚጫነው ነገር ሲያጣ የባትና የጀርባ ጡንቻዎች ውጥረት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይላላል፤ ጡንቻው ገና ሳይከሳ ማለት ነው። ትእዛዙ የሚመነጨው ከታች ነው። ከዚህ ተነሥተው ተረከዝንና የእግር ጣቶችን ሥር በአየር እየተነፋ በእርምጃ ምት የሚጫን ጫማ ሠሩ፤ በኋላም ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች ዋለ። ጫማው ባይኖር ሙሉ ውስጥ እግርን ጠንካራ ነገር ላይ አሳርፎ፣ አስታማሚው ጉልበቱ ላይ በመዳፉ ወደ ታች አምስት ሰከንድ ያህል እየተጫነ አሥር ጊዜ ቢደግመው በጎ ነው። ጣቶቹ ሥር ብቻ መጫን አይመከርም፤ ስትሮክ ያለበት እግር መንቀጥቀጥ ሊጀምርና ወደ ታች ሊዘረጋ ይችላል።

ከዚያው ከሶቪየቶች የወጣው «ፔንግዊን» የሚባለው የላስቲክ ልብስም አለ። ኮስሞናውቱ ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ስለሚስበው ያለ ስበት ስበት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተሻሽሎ ሴሬብራል ፓልሲ (በልጅነት ከሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ልጆች ዋለ። እኔ ለልብሱ ብዙም አልሟገትም፤ የሚጠቅመው ልብሱ ይሁን ወይስ ልብሱን ለብሶ በቀን ለሰዓታት መሥራቱ እስካሁን ያከራክራል።

በአየር የሚሠራው ትሬድሚል ግን ሌላ ነገር ነው። የናሳው ሮበርት ዌለን መጀመሪያ ያሰበው ጠፈርተኛን በአየር ግፊት ወደ ትሬድሚሉ መጫን ነበር። ነገሩን ገልብጠው መሬት ላይ ሰውን ወደ ላይ ለማንሣት አዋሉት፤ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2005 ኩባንያ አቋቁሞ «አልተርጂ» በሚል ስም አወጣው። ታካሚው ወገቡ ላይ ዚፕ ያለው ጥብቅ ቁምጣ ለብሶ ትሬድሚሉን ከከበበው ድንኳን መሰል ከረጢት ጋር ይቆላለፋል። ከወገብ በታች ያለው አየር ትንሽ ሲነፋ ሰውየው ወደ ላይ ይገፋል። ምን ያህል ትንሽ? የወገቡ ስፋት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ለሆነ ሰው 35 ኪሎ ለማንሣት በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.06 ኪሎ ገደማ በቂ ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት አንድ ሠላሳኛው አይሞላም። ክብደቱን በ1 በመቶ፣ በ1 በመቶ እየቀነሱ እስከ 20 በመቶ ማውረድ ይቻላል። ጥቅሙ ይኸው ትክክለኛነቱ ነው፤ «ግማሽ» ካሉት ግማሽ ነው። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ እኛ አገር ደግሞ መብራት። መብራት ሲሄድ ከረጢቱ ይሟሽሻል፣ የተነሣው ክብደት ሁሉ ሰውየው እግር ላይ ይመለሳል። ያለ ባትሪ መጠባበቂያ ታካሚ ማሰር አይገባም።

ውኃ መብራት ባይፈልግም ከአየሩ ከረጢት የተለየ ባሕርይ አለው። ማንሣት ብቻ ሳይሆን ይጨምቃል። 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ላይ ቁርጭምጭሚትን የሚጫነው ግፊት ወደ 88 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል፤ ከብዙ ሰው የታችኛው የደም ግፊት ቁጥር ይበልጣል። ለዚህ ነው ያበጠ እግር ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ጎደል ብሎ የሚገኘው። የተጨመቀው ደም ግን የት ሄደ? አንገት ድረስ ለገባ ሰው ወደ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ደረት ይወጣል። ልብ ይሞላል፣ በአንድ ምት የምትረጨው መጠን በሦስት አንድ እጅ ገደማ ይጨምራል። ደረትም በውኃው ስለሚታቀፍ ለመተንፈስ የሚፈጀው ጉልበት ከግማሽ በላይ ያድጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሳንባው የደከመ ሰው ታች አገር ከሚኖር ሰው ይልቅ እዚህ ቶሎ ይደክማል፤ መጀመሪያ ወገቡ ድረስ ብቻ ገብቶ ትንፋሹ ሲለመድ ነው ወደ ደረት የሚሄደው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሳያቋርጥ ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብሎ መቁጠር ካቃተው ጥልቀቱ በዝቶበታል።

ደረት በደም ሲሞላ ሰውነት ፈሳሽ የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሽንት ያበዛል። ጠፈርተኛም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ደሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊቱ ያብጣል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ የደሙ መጠን ይቀንሳል። ተመልሶ መሬት ሲረግጥ ያ ደም ወደ እግሩ ይፈሳል፣ ቆሞ መቆየት ያቅተዋል። የአሜሪካ መንኮራኩሮች ከማረፋቸው በፊት ጠፈርተኞቹ አንድ ሊትር ገደማ ውኃ በጨው ክኒን የሚወስዱት፣ እግርና ሆድ የሚጨምቅ ልብስም የሚለብሱት ለዚህ ነበር።

ከገንዳ መውጣት ማለት ከሕዋ መመለስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ስለ መግባት ይጨነቃል፤ የሚወድቀው ግን ሲወጣ ነው። 25 ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሕመሙ የጠፋለት ሰው ደስ ብሎት ደረጃውን በአንዴ ይወጣል፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዓይኑ ይጨልማል፣ ወለሉ ደግሞ ርጥብ ሸክላ ነው። አወጣጡ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ከመግባቱ በፊት ሽንቱን ይሽና፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣ (የጨው ክኒኑን ለጠፈርተኞቹ እንተውላቸው፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው)። ሥራው ሲያልቅ ከደረት ጥልቀት ወደ ዳሌ ጥልቀት መጥቶ ሁለት ደቂቃ ይቁም፤ በዚያ ጊዜ ተረከዙን ሃያ ጊዜ ያንሣ፣ ባቱ ደሙን ወደ ላይ እንዲገፋ። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ውኃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ፣ ቁጭ ብሎ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ሲወጣ አንድ ሰው ከኋላው፣ ክራንቹ ወይም ወንበሩ ከፊቱ ይሁን። ወጥቶም አምስት ደቂቃ ሳይቀመጥ ወደ መልበሻ ክፍል አይሂድ። ወንበሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚረሳ ነገር ነው፤ ያኔ ታካሚው ግድግዳ ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደ ከተማችን። አዲስ አበባ ከተማ የሆነችው በሙቅ ውኃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ መኳንንቱም ሲከተሉ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። ያ ውኃ ዛሬም ከመሬት ሥር እየወጣ መታጠቢያ ቤቱን ይመግባል፤ የሒልተን ሆቴል ገንዳም የሚሞቀው በዚሁ ነው። ይህን ያህል የተፈጥሮ ሙቅ ውኃ መሐል ከተማ ላይ ይዘን የውኃ ተሐድሶ ሕክምና ብርቅ መሆኑ ያስቆጫል። ነገር ግን ፍል ውኃ ሄዶ መታጠብና የውኃ ሕክምና አንድ አይደሉም። የመታጠቢያ ክፍሉ ገንዳ ሰው ይነከርበታል እንጂ አይራመድበትም፤ ክብደት የሚመጠንበት ጥልቀት የለውም። ሙቀቱም የሚስተካከለው እንደ ታጣቢው ትዕግሥት ነው። ሰው «ባቃጠለ ቁጥር ይፈውሳል» ይላል። አይደለም። ለሕክምና የሚፈለገው ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ እጅን ሲነክሩት «ይሄ ሙቅ ነው እንዴ?» የሚያሰኝ። 38 ካለፈ በኋላ የቆዳ ደም ሥር ይከፈታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይጣደፋል። ስኳር ያለበትና የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው እየተቃጠለ እንኳ አይታወቀውም። መልቲፕል ስክሌሮሲስ (የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ደግሞ ሙቀት ጡንቻውን ስለሚያዝልበት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይሻለዋል። የሕፃን መታጠቢያ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ በክርን መለካት ይቅር።

በተቃራኒው ተራው የሆቴል ገንዳ ለዋናተኛ የተዘጋጀ ስለሆነ ለታካሚ ይቀዘቅዛል፤ ስትሮክ ያለበት ሰው ሲገባበት እጁ ይጨመደዳል፣ እግሩ ይገተራል። ደጅ ያለ ገንዳ ከሆነ ነፋሱም አለ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ባይሞከር ነው የሚሻለው። ፎጣውና ጋቢው መልበሻ ክፍል ሳይሆን ገንዳው አፋፍ ላይ ይጠብቁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የላላ ጡንቻ በሁለት ደቂቃ ብርድ ተመልሶ ይገተራል።

የውኃው ንጽሕና ሌላው ጉዳይ ነው። ሙቅ ገንዳ ክሎሪንን ከቀዝቃዛው ፈጥኖ ይጨርሳል፤ ላብም፣ ቅባትም፣ ሰውም ይበዛበታል። ነፃ ክሎሪኑ በሊትር ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6 መሆን አለበት፤ ጠዋት አንዴ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቡድን በፊት ይለካ። ፒኤቹ ከ8 ካለፈ ክሎሪኑ ቢኖርም ሥራ መሥራት ያቅተዋል፤ ጨምረው ጨምረው ውኃው ያልጠራላቸው ገንዳ ጠባቂዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። ደግሞ ዓይን የሚያቃጥልና አፍንጫ የሚሰነፍጥ «የክሎሪን ሽታ» ውኃው ንጹሕ መሆኑን አያሳይም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ማለቁን ነው የሚናገረው። ቀላሉ መከላከያ ከመግባት በፊት በሳሙና ገላን መታጠብ ነው፤ «ውኃ ልገባ አይደል እንዴ ለምን እታጠባለሁ» የሚል አይጠፋም።

ለተሰበረ እግር አጀማመሩ እንዲህ ነው። ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ ለሙሉ ተዘግቶ ደረቅ ሲሆን፣ ቀዶ ሐኪሙም ሲፈቅድ፣ ደረት ድረስ ባለው ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ወደ ፊት አሥር ሜትር፣ ወደ ጎን አሥር ሜትር፣ ወደ ኋላ አሥር ሜትር፤ አራት ዙር። ከዚያ አፋፉን ይዞ ተረከዝ ማንሣት፣ ጉልበት አጥፎ መነሣት፣ እያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ። ሰዎች እዚህ ላይ የሚያጠፉት አረማመዱን ነው፦ ውኃው ስለሚያንሳፍፋቸው በጣታቸው እየዘለሉ ይሄዳሉ። ተረከዙ ቀድሞ ካላረፈ መሬት ላይም ያንኑ ይዞ ይወጣል። እርምጃውን ማሳጠርና ማዘግየት ነው መድኃኒቱ። በማግስቱ ባቱን በሜትር ይለካ፤ ሁልጊዜ ከጉልበቱ አጥንት በታች 10 ሴንቲ ሜትር ላይ። ካለፈው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካበጠ ወይም ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰው፣ በሚቀጥለው ጥልቀቱ ባለበት ይቆይ። ካልሆነ፣ ሐኪሙ የፈቀደው ክብደት በጨመረ ቁጥር፣ በየሳምንቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ዝቅተኛው ውኃ ይጠጋል።

ለስትሮክ ጉዳዩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሚዛን ነው። አንዱ ጎኑ የደከመ ሰው በጀርባው ሲንሳፈፍ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይንሳፈፉምና ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄምስ ማክሚላን ለንደን ውስጥ የጀመረው የሐሊዊክ ዘዴ መነሻው ይህን መገልበጥ መቆጣጠር ነው፦ መጀመሪያ ፊቱ ውኃ ሲነካ መተንፈስን ይለምዳል፣ ከዚያ ራሱን በማዞር ብቻ ገላውን ማስተካከል። አንገቱ ላይ በሚነፋ ቀለበት አይታሰርም፤ አንድ ለአንድ ሰው ይይዘዋል። ውኃ አወዳደቅን ስለሚያዘገይ፣ መሬት ላይ በግማሽ ሰከንድ የሚያልቀው መንገዳገድ እዚያ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሰውየው ለመታረም ጊዜ ያገኛል። ችግሩም ያው ነው። የዘገየውን ለምዶ መሬት ላይ ይዘገያል። ጠፈርተኞች ሂውስተን ባለው 12 ሜትር ጥልቀት ባለው ገንዳ ሲለማመዱም ውኃው ክብደታቸውን እንጂ ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሯቸውን አያታልለውም፤ ተገልብጠው ሲንሳፈፉ ደሙ ወደ ራሳቸው ይወርዳል። ስለዚህ የውኃው ቀንና የመሬቱ ቀን መፈራረቅ አለባቸው፤ ሰኞ ውኃ ከሆነ ማክሰኞ ወለል።

የማይገቡም አሉ። ክፍት ቁስል ያለው፣ የአልጋ ቁስል ያለው፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለው፣ በመድኃኒት ያልተያዘ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ልቡ ደክማ ተኝቶ መተንፈስ የሚያቅተው፣ ጀሶ ያልወጣለት። ኅብለ ሰረሰሩ ከደረት መሐል ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ደግሞ ፊኛው ሞልቶ ከገባ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ራሱን ከፈለጠው፣ ከጉዳቱ በላይ ካላበውና ፊቱ ከቀላ ወዲያው ወጥቶ ተቀምጦ ፊኛው ይታይ።

የመጨረሻው ክፍል ውኃ የሌለበት ነው። ጠፈርተኛ ሲመለስ ለ45 ቀን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ለማገገሚያ ይመደብለታል። ለዓመታት ሲዘጋጅበት የነበረ፣ ጤነኛ የሆነ፣ ተመርጦ የተላከ ሰው ነው ይህ ሁሉ የሚሰጠው። እኛ ጋ ታካሚው ክራንቹን በጣለ ማግስት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ልምምዱ ለዚያው ይሁን። መጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ላይ በታመመው እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ አሥር ጊዜ፤ ሲቀል 20 ሴንቲ ሜትር፤ ከዚያ በእጁ ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ላስቲክ አንጠልጥሎ። ወንበር ላይ እጁን ሳይጠቀም አምስት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ። በአንድ እግር አሥር ሰከንድ መቆም። የሚኒባሱ መርገጫ ከሁለተኛው ጣውላ ይበልጣል፤ ረዳቱም «ግቡ ግቡ» ሲል አሥር ሰከንድ አይጠብቅም፤ ያንን ከፍታ ቤት ውስጥ በሦስት ጣውላ ደራርቦ፣ በር ይዞ፣ በታመመው እግር ቀድሞ ሳይሆን በጤነኛው ቀድሞ መውጣት፣ ሲወርድ በታመመው ቀድሞ መውረድ።